መቶ ላይ የምትለግመው ሚኒባስ

ጆሮ ብለው የሚጠሩት ጆሮው ትልቅ ሆኖ አይደለም፤ ጆሮውስ እንደ ማንም ሰው ጆሮ ነው። የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግፎ ዓይኑን ጨፈን ሲያደርግ፣ የትኛው ቫልቭ እንደላላ፣ የትኛው ኩሽኔታ መበላት እንደጀመረ ሳይፈታ ስለሚናገር ነው። በትራንስፖርት ድርጅቱ ጋራዥ ሃያ አራት ዓመት ሠርቷል። ሌላ ቦታ ተስፋ የተቆረጠባቸው መኪኖች እየተጎተቱ መጥተው በእሱ እጅ ነፍስ ዘርተው ሄደዋል። ታዲያ የብረትን ሕመም እንዲህ አጥርቶ የሚሰማ ሰው የራሱን ሕመም እንዴት ሳይሰማ ኖረ ትሉ ይሆናል። እሱማ ይሰማዋል፤ በስሙ መጥራት አልፈለገም እንጂ። ሕመሙ ቅናት ነበር፤ የሚቀናውም በባዕድ ሳይሆን በገዛ ታናሽ ወንድሙ ነበር።

ስድስት ዓመት ሙሉ ለእናቱ አንድያ ነበር። ታናሽየው ሲወለድ መጀመሪያ የእናቱን ጭን ቀማው፤ ቀጥሎ አልጋውን ተጋራው፤ ከዚያ ደግሞ ምንም ሳያደርግ በሰው ሁሉ ይወደድ ጀመር። ትልቁ ውሃ ቀድቶ፣ ቤት ጠርጎ፣ ትምህርቱን አጥንቶ የሚያገኛትን "ጎሽ" ታናሹ ጥርሱን ብልጭ በማድረግ ብቻ ያፍሳታል። አባታቸው ሲሞት ትልቁ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ አንድ የሰፈር ጋራዥ ገባና የሞተር ዕቃ በናፍጣ ማጠብ ጀመረ። ወንድሙን ያስተማረው በዚያ ናፍጣ በላጠው እጁ ነው። ይህን ማንም አይክድም፤ ታናሹ ራሱ ለሰው ሁሉ ሲያወራው ነው የሚውለው። ማውራቱም ጆሮን ያበግነዋል። የተደረገለትን በየደረሰበት የሚመሰክር ሰው እንዴት ተብሎ ይጠላል? ቅናት ለአጥንት ነቀዝ ነው የሚባለው እውነት ከሆነ፣ የጆሮ አጥንት ከውስጥ ካለቀ ቆይቷል።

ታናሹ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ሥራ ሲያጣ ጋራዡ ያስገባው ጆሮ ነው። ያኔ ሞተር ክፍል ሰው ይፈለግ ነበር። ጆሮ ግን አለቃው ፊት ቆሞ፣ ይሄ ልጅ ለሞተር ትዕግሥት የለውም፣ ባቲላሜራ ይማር አለ። ባቲላሜራ የተጨማደደ የመኪና አካል በመዶሻ እየመታ የሚያቃና ሙያተኛ ነው። ሞተር ክፍል ያሉት "ቆርቆሮ ቀጥቃጭ" እያሉ ይቀልዱባቸዋል። አለቃው፣ መቼም ወንድሙን የሚያውቀው እሱ ነው ብለው እሺ አሉ። ጆሮ በልቡ የያዘው ግን ሌላ ነበር፤ እኔ ካለሁበት ክፍል ከገባ እዚህም ሊበልጠኝ ነው የሚል።

በዚያ ጋራዥ አንድ ያልተጻፈ ደንብ አለ። ከባድ ብልሽት ተጠግኖ መኪናዋ ለሙከራ ስትወጣ፣ ብልሽቱን ያገኘው ባለሙያ ጋቢና፣ ከሾፌሩ ጎን ይቀመጣል። ሌላው፣ አለቃም ቢሆን፣ ከኋላ ነው። ጋቢና የተቀመጠ ሰው የዚያን ቀን ሻይ ይጋበዛል፤ ከዚያ በቀር የሚያገኘው ነገር የለም። ግን ማን ጋቢና እንደተቀመጠ የጥበቃው ዘበኛ ሳይቀር ያያል። ጆሮ ያቺን ወንበር ርስቱ አድርጓት ኖሯል። ታናሹ አንድም ቀን ተቀምጦባት አያውቅም፤ ቆርቆሮ ለተቃናላት መኪና ማን ሙከራ ይወጣል?

በዚያ ዓመት አለቃው ጡረታ ሊወጡ ነበር። በእግራቸው የሚተካውን ሰው ስም ጽፈው ለድርጅቱ የሚያቀርቡት እሳቸው ናቸው። ጋራዡ በሙሉ፣ ከጆሮ ሌላ ማን አለ ይል ነበር። ጆሮም በሐሳቡ የአለቃውን ጠረጴዛ ከመስኮቱ ዞር አድርጎ ወንበሩን ቀይሮ ጨርሷል። ለዚያ ወንበር ሲል ሁለት ዓመት እረፍት አልወጣም። ያቺ ሚኒባስ የመጣችው በዚህ መሐል ነው።

ሚኒባሷ አሥራ ሁለት ሰው ጭና ከከተማ ከተማ የምትመላለስ ናት። የምትነዳት ሴት ናት፤ ምላሷ ምላጭ፣ እጇ ግን የተባረከ፣ በአሥር ዓመት አንድ ጭረት ያላስመዘገበች። ሾፌሯ መኪናዋን አቁማ ወርዳ ለአለቃው እንዲህ ስትል አመለከተች፤ እስከ ሰማንያ እንደ ልቧ ትሄዳለች፣ ከዚያ ትከብዳለች፣ መቶ ላይ ጭራሽ ትለግማለች፣ ፔዳሉን ወለል እስኪነካ ብረግጠው አንድ ቁጥር አትጨምርም፣ የጭነት መኪና ልቀድም ወጥቼ መሐል መንገድ ላይ ትታኝ ነበር። እኩዮቿ የሆኑት ሌሎቹ ሚኒባሶች እንዲህ አያደርጉም።

ጆሮ ካቻቢቴውን አወጣ። ሞተሩን አስነስቶ ሰማ፤ ጤነኛ ነው። አስጮኸው፤ ጤነኛ ነው። ጤነኛ ነው ብሎ መተው ግን ለጆሮ ሞት ነው። ፊልትሮ ቀየረ፣ የነዳጅ ፓምፑን አወረደ፣ የሞተሩን ጭንቅላት ፈታ፣ መልሶ ገጠመ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ፈታታት። በየጊዜው ሾፌሯ ወስዳ ትመልሳታለች። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነበት። ይቺ ሴት መንዳት አትችልም ብሎ አንድ ጊዜ አፉ አምልጦት ነበር፤ እሷ ደግሞ፣ ጋሽ ጆሮ የቆመ መኪና ነው የሚሰሙት፣ የኔ መኪና የሚያማት ስትሮጥ ነው አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሴትዮዋ ሳታውቀው ልክ ቦታውን ነበር የነካችው፤ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ጆሮ ሞተርን ያዳመጠው ግድግዳ ሥር ቆማ ባለች መኪና ላይ ነው።

ታናሹ ሚኒባሷን ያያት፣ ቆማ ሳለ ሌላ መኪና ገጭቷት የተጣመመ የኋላ በሯን ሊያቃና ሲጠራ ነው። በሩን አቃንቶ መሄድ ሲገባው ዙሪያዋን መዞር ጀመረ። በመዳፉ ይዳብሳል፣ ጎንበስ ይላል፣ ጣሪያዋ ላይ ይወጣል። ጣሪያዋ ላይ በሌሎቹ ሚኒባሶች ላይ የማይገኝ ከፍ ያለ የዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶመጋላ የሚሉት፣ ተበይዶባታል። ከፊቱ ደግሞ የድርጅቱ ስም በትልልቁ የተጻፈበት ሰፊ ቆርቆሮ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ታናሹ የዚያ ቆርቆሮ ቀለም በጠጠር ብዛት እንደተፈነካከተ፣ ከኋላው ያለው ጣሪያ ግን አቧራ እንደተኛበት አየ። የኋላ መስተዋቷም በአቧራ ተለስኗል። ባቲላሜራ እንዲህ ያለውን ምልክት ያነባል፤ ነፋስ የት እንደሚመታ፣ የት እንደሚሽከረከር የሚናገር ጽሑፍ ነውና።

ምሳ ላይ ሰው በተሰበሰበበት፣ ጋሼ፣ ሞተሯ ደህና ነው፣ የያዛት ነፋስ ነው አለ። ሞተር ክፍል በሳቅ ፈረሰ። ጆሮ አልሳቀም። ሦስት ሳምንት በዘይት ተነክሮ ያጣውን ነገር ይሄ ልጅ እጁን በኪሱ ከቶ አገኘሁት ሲል፣ ውስጡ ድብን አለ። ነፋስ መኪና የሚይዝ ከሆነ መንገድ ላይ የሚቀር እንጂ የሚሄድ መኪና ባልኖረ ነበር አለው፣ ቆርቆሮህን ቀጥቅጥ። ጉዱ የመጣው አለቃው ከበስተኋላ ቆመው ስለነበር ነው። እስኪ አስረዳኝ አሉት።

ታናሹ አልኮራም፤ እጁን ዘርግቶ እያሳየ ተናገረ። "እጅዎን በመኪና መስኮት ያወጣሉ እንበል። በአርባ ሲሄዱ ነፋሱ ይገፋዎታል። በሰማንያ ሲሄዱ ፍጥነትዎ እጥፍ ነው፤ ግፊቱ ግን እጥፍ አይደለም፣ አራት እጥፍ ነው። ሞተር ደግሞ ያለው ጉልበት ያው ነው። ቀስ ሲሉ ለነፋሱ ጥቂት ይከፍልና የተረፈው ፍጥነት መጨመሪያ ይሆናል። እየፈጠኑ ሲሄዱ ነፋሱ የተረፈውን እየበላ ይመጣል። ሁሉንም የበላ ዕለት ፔዳል ቢረግጡ ምን ይጨምራል? የዚች ነፋስ ደግሞ ከሌሎቹ ይበዛል፤ ጣሪያዋ ላይ ግድግዳ ተሸክማለች።"

አለቃው መኪናዋን እንዲያስተካክል ሦስት ቀን ሰጡት። በዚያኑ ከሰዓት ገና ለተሽከርካሪ ባልተከፈተው አዲሱ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ባለችበት ሁኔታ ፈተኗት፤ ሰዓት የያዙት እሳቸው ናቸው። ከሰማንያ ተነስታ መቶ ለመግባት አምሳ ሁለት ሰከንድ ፈጀባት። ከመቶ ወዲያ ንቅንቅ አላለችም።

ጆሮ ያን ቀን ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ወሬውን ቀድማ ሰምታ ነበር። ዋርሳዬ የማያውቀው ነገር የለም አለችው እየሳቀች። የዳቦ ማስቀመጫውን ቆርቆሮ የሠራላት እሱ ነው፤ የውሃ በርሜሏን ክዳን የገጠመላት እሱ ነው፤ ልጆቹ በበዓልም በአዘቦትም አጎታችን መጣ ሲባል በሩን ይሰብራሉ። ጆሮ አቀርቅሮ በላ። ቆይታ፣ ቢሳካለት ለሁላችሁም ነው፣ ወንድምህ አይደል አለችው። እዚህ ላይ ሳህኑን ገፋው። ሆዴ ሞልቷል አላት። ሆዱስ እውነት ሞልቶ ነበር፤ በምን እንደሞላ ግን ለሚስት አይነገርም።

በማግስቱ ታናሹ ቀይ የሱፍ ክር በጣት ርዝመት እየቆረጠ በፕላስተር ሚኒባሷ ላይ መለጠፍ ጀመረ፤ ግንባሯ ላይ፣ ጣሪያዋ ላይ፣ ጎኗ ላይ፣ ከመቶ በላይ ክር። ከዚያ ሾፌሯ ስትነዳ እሱ በሌላ መኪና ጎን ለጎን እየሄደ ክሮቹን ይመለከታል። ነፋሱ ለስልሶ በሚያልፍበት ቦታ ክሩ ይተኛል፣ በሚናወጥበት ቦታ ይበጠበጣል፣ ወደ ፊት የሚዞርም ነበር። ጆሮ፣ መኪናዋን ልትድራት ነው ወይ፣ ሚዜ ማን ነው እያለ ቀለደ። ሰው ግን እንደ ወትሮው አልሳቀለትም። ሞተር ክፍል ያሉት ሳይቀሩ ሥራቸውን ጥለው ክሩን ሊያዩ ይሄዱ ነበር። አንዱ የራሱ ተማሪ የነበረ መካኒክ፣ ጋሼ ይምጡና ይዩት እንጂ፣ ነፋስ በዓይን ይታያል ብሎ ሲጠራው ጆሮ ሥራ አለብኝ አለ።

ታናሹ የቆመውን ቆርቆሮ ነቅሎ ጣለ። ፖርቶመጋላውን ዝቅ አደረገ። ከፊቱ ከንፋስ መከላከያው መስተዋት ተነስቶ ተለጥጦ የሚወጣ ክብ ግንባር ከቆርቆሮ ቀጥቅጦ ሠራ፤ የድርጅቱንም ስም እዚያው ላይ አስጻፈ። ጆሮ ከሩቅ ሆኖ መዶሻውን ይሰማል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ከዚህ ቀደም የወንድሙን መዶሻ አዳምጦ አያውቅም ነበር። ምቱ አይቸኩልም፣ አይሳሳትም፣ ሁለት ጊዜ አንድ ቦታ አይመታም። ይህ ሰው ሙያ አለው። እንዲህ ያለው ነገር ከጠላት ላይ ሲታይ ያስደንቃል፤ ከወንድም ላይ ሲታይ ግን ለጆሮ ሌላ ነገር ነበር።

በሦስተኛው ቀን ለሙከራው ሁለት ሰዓት ሲቀር፣ ሰው ሁሉ ምሳ በወጣበት፣ ጆሮ አሥር ቁጥር ቁልፍ ይዞ ሚኒባሷ ውስጥ ገባ። ከነዳጅ መስጫው ፔዳል ሥር ፔዳሉ ከልክ በላይ እንዳይወርድ የምታቆም አንዲት ብሎን አለች። አራት ዙር ወደ ላይ አወጣት። አራት ዙር ብዙ አይደለም፤ የሚነዳ ሰው ፔዳሉ ዛሬ ትንሽ ደርቋል ቢል ነው። ሞተሩ ግን ከጉልበቱ ሩብ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ይታሰርበታል። ሲጨርስ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ እንዳለ የገዛ ትንፋሹን ሰማው፤ ያልፈለገውን ድምፅ የሰማ ያህል ፈጠን ብሎ ወጣ። የዋለው ክፋት ትንሽ መሆኑን ለራሱ ነገረው። ሙከራው ሲከሽፍ እመልሳታለሁ፣ ማንም አይጎዳም አለ።

ወደ ሙከራው ሲሄዱ አለቃው ታናሹን በጣታቸው ወደ ጋቢና ጠቆሙት። ጆሮ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ከፊት ወንበሩ ጀርባ ጋር ይጋጫል። ከኋላ መኪና ውስጥ ምን ያህል እንደሚንገጫገጭ አያውቅም ነበር። ታናሹ ዘወር ብሎ፣ ጋሼ ተመቸህ አለው። ተመቸኝ አለው።

ሚኒባሷ ስትነሳ ከበዳት። ሾፌሯ ፊቷን ቅጭም አድርጋ፣ ምን ሆነች ይቺ፣ አነሳሷ ሞተ አለች። የጆሮ ልብ ደስታ በመሰለ ነገር ዘለለ። አርባ፣ አምሳ፣ ስልሳ በጭንቅ መጣ። የታናሹ ጀርባ ደረቀ፤ ጆሮ ከበስተኋላው ያየዋል፣ እያየውም ጠግቦ አልጠገበውም። ከዚያ ሰማንያ ገቡ። አለቃው ሰዓታቸውን ተጫኑ።

ከሰማንያ በኋላ የሆነውን ጆሮ በመቀመጫው ነው የተሰማው። በፊት ሚኒባሷ ግድግዳ ስትገፋ ይሰማ የነበረው ከጣሪያ የሚመጣ ጩኸት የለም። ሰማንያ አምስት ሆነ፣ ዘጠና ሆነ፣ ዘጠና አምስት ሆነ፤ እንደ ታሰረች ናት፣ ግን ትጨምራለች። መቶ ስትገባ አለቃው ሠላሳ ስምንት አሉ። ሾፌሯ እግሯን አላነሳችም። መቶ ሦስት፣ መቶ አምስት፣ መቶ ስድስት ላይ ቆመች። ስትነሳ ደከም አለችኝ እንጂ፣ አለች ሾፌሯ፣ እላይ ስትወጣ ሌላ መኪና ናት። አለቃው ከኋላ እጃቸውን ሰደው የታናሹን ትከሻ መታ መታ አደረጉት።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ነፋስ በበላው ሞተር ሲደበደብ ከርሞ ኖሯል። ይህን አሁን መኪናዋ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። አንድ ሰው ብቻ ግን ከዚህ የባሰውን ያውቅ ነበር። ሞተሩ ታስሮ እንኳን ይህን ያህል ከሄደች፣ የታናሹ ሥራ ሌሎቹ ከሚያስቡት ይበልጣል። የወንድሙን ድል ትክክለኛ ልክ የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው አለ፤ እሱም ሊያከሽፈው የተነሳው ሰው ነው። ጆሮ መስኮቱን እያየ ጥርሱን ነከሰ። ሲመለሱ ሻይ የጋበዙት ታናሹን ነው።

በነጋታው ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የአለቃው ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ የጋራዡ ኃላፊ የባቲላሜራ ክፍል ሠራተኛው እንዲሆን ድርጅቱ ትናንት ማታውኑ በስልክ ተስማምቷል ይላል። ጆሮ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ሰው መንገድ ለቀቀለት፤ እንዲህ ያለው አክብሮት ለሐዘንተኛ የሚሰጥ ዓይነት ነው። ሁለት ዓመት ያልወጣው እረፍት፣ ሃያ አራት ዓመት ያዳመጠው ብረት፣ በሐሳቡ ያዞረው ጠረጴዛ፣ ሁሉም በዚያች ቁራጭ ወረቀት ለታናሹ ሆነ።

ብሎኗ ትዝ ያለችው ያኔ ነው። ሚኒባሷ ከቆመችበት ቦታ የለችም። ዘወር ሲል በር ላይ አያት፤ ሞተሯ ተነስቶ፣ አሥራ ሁለት ሰው ልትጭን ወደ መናኸሪያ ልትወጣ ነው። ሾፌሯ የመውጫ ወረቀት ልታስፈርም ዘበኛው ክፍል ገብታለች።

ጆሮ ባለበት ቆመ። ሞተሯ እንደታሰረ ብትሄድ ማንም አያውቅም። በሰማንያና በመቶ መካከል መኪናዋ ከድሮዋ ትሻላለች፤ ግን ሴትዮዋ አሁን የተሻለ መኪና አለኝ ብላ ነው የምትወጣው። ዳገት ላይ በአርባ የሚያዘግም ጭነት ልትቀድም ስትወጣ፣ ነፋሱ ገና ባልበረታበት ቦታ፣ የታሰረው ሞተር ብቻውን ነው የሚቀርላት። ያኔ ከድሮዋ ትብሳለች። ብሎኗን መመለስ ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ መኪናዋ ትፈጥናለች፣ ዝናውም የወንድሙ ይሆናል። በገዛ እጁ ድል ጨምሮ ሊሰጠው ነው። እግሩ ከሐሳቡ ቀደመና ሮጠ።

ሚኒባሷ ጋ ታናሹ ነበር። የሾፌሯን በር ከፍቶ ዳሩ ላይ የቀሩትን የክር ፕላስተሮች በጥፍሩ እየላጠ ነው። ጆሮ እያለከለከ ዞር በል አለውና ፔዳሉ ሥር ተንበረከከ። ኪሱን ሲዳብስ ቁልፍ የለውም። ታናሹ ምን እንደፈለገ ሳይጠይቅ የእጁን አቅጣጫ አይቶ አሥር ቁጥር አቀበለው። ጆሮ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ዙር መለሰ። ሲጨርስ አልተነሳም።

"መቼ ነው?" አለ ታናሹ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል።

"ትናንት፣ ምሳ ሰዓት።"

"አንተ ነህ ያሰርካት?"

"እኔ ነኝ። ቀንቼብህ ነው። ትናንት የጀመረኝ ደግሞ አይደለም፤ ከተወለድክ ጀምሮ ነው። ሞተር ክፍል ያላስገባሁህም እንዳትበልጠኝ ብዬ ነው።"

"እኔማ" አለ ታናሹ፣ "እጄ ማሽን ውስጥ እንዳይገባ ሳስተህልኝ ነው ይመስለኝ የነበረው። ለእናታችንም እንደዚያ ነው ያልኳት።"

ጆሮ አንገቱን ደፋ። ስድብ ጠበቀ፤ ጥፊም ቢሆን ለመቀበል ተዘጋጅቶ ነበር። ሁለቱንም ቢያገኝ ይቀለው ነበር፤ ቢያንስ አንድ ቀን ወንድሙም እንደ እሱ ክፉ ሆኖ ያየው ነበር። ታናሹ ግን ፔዳሉን እያየ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ። አንድ ነገር እያሰላ ነው። ፊቱ ላይ የነበረው ጥላ ቀስ በቀስ ሲገፈፍ ጆሮ በዓይኑ አየው።

"ቆይ፣ ቆይ ጋሼ። ትናንት መቶ ስድስት የገባችው እንደዚህ ታስራ ነው?"

"ታስራ ነው።"

"ስንት ያህል ጉልበት ወስደህባት ነበር?"

"ሩብ አይሞላም። ለሩብ ትንሽ ፈሪ።"

ታናሹ ሳቀ። የሠራውን ግንባር በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ከሆዱ ሳቀ፤ በወንድሙ ላይ አልሳቀበትም፣ ደስ ብሎት ነው የሳቀው። "ታዲያ ስትፈታ ስንት ልትገባ ነው? እኔ ነፋሱን እንጂ ሞተሩን አላውቀውም። አንተ ታውቀዋለህ፤ ንገረኝ እንጂ።"

ጆሮ ቀና ብሎ አየው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ እሽቅድምድም ላይ ነበር፤ አብሮት የሚሮጥ ግን አልነበረም። ዝም ማለት ፈልጎ ነበር፤ ጆሮው ግን አስለምዶታልና ያንን ሞተር ውስጡ ሰማው፣ አሰላው። "መቶ አሥራ ሁለት" አለ። "ሰው ካልበዛባት አሥራ ሦስትም ትሞክራለች።"

"መቶ አሥራ ሁለት" አለ ታናሹ እየደገመ። የመሾሙን ወረቀት ያነበበም አይመስልም ነበር። ቁጥሩን ለሾፌሯ ሊነግራት ወደ ዘበኛው ክፍል እየሮጠ ሄደ።

ጆሮ ቁልፉን በእጁ ይዞ የሚኒባሷ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ይቅርታ ሊጠይቅ አስቦ ነበር፤ የሚጠብቅለት ሰው አጣ። በወንድሙ የቀናባቸውን ነገሮች ሁሉ፣ ከእናታቸው ጭን ጀምሮ እስከ ትናንቱ ጋቢና ድረስ፣ ቆጥሮ የጨረሰ መስሎት ነበር። አንድ ግን ቀርቶት ኖሯል፤ ይህ ሰው በማንም ሳይቀና መኖር ይችላል። በዚህም ቀናበት።